ጉድጓዱና ቦቴው

የኢትዮጵያ አብዮት የት ጀመረ ብላችሁ ብትጠይቁ አብዛኛው ሰው አዲስ አበባ ይላችኋል። ዩኒቨርሲቲው፣ ታክሲዎቹ፣ መምህራኑ። ትንሽ ያነበበ ደግሞ አሥመራን ወይም ደብረ ዘይትን ይጨምራል። ነገሩ ግን መጀመሪያ የፈነዳው ከአዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ በምትርቅ የቆላ ከተማ፣ ነገሌ ቦረና ላይ ነው። መነሻውም ርዕዮተ ዓለም አልነበረም። የተበላሸ የውሃ ፓምፕ ነበር።

ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። ነገሌ በሰፈረው ብርጌድ የወታደሮቹ ውሃ መሳቢያ ፓምፕ ተበላሽቷል፤ የሚጠግነው የለም። መኮንኖቹ የራሳቸው ጉድጓድ አላቸው፤ ወታደሮቹ ከዚያ እንቅዳ ሲሉ ተከለከሉ። ምግቡም የሚበላ አልነበረም። ወታደሮቹ አለቆቻቸውን አሠሩና ለንጉሠ ነገሥቱ አቤት አሉ። ንጉሡ የምድር ጦር አዛዡን ሌተና ጄኔራል ደረሰ ዱባለን ነገሩን እንዲያበርዱ ላኳቸው። ወታደሮቹ ጄኔራሉንም ያዟቸው፤ ከዚያ ያደረጉት ነገር ነው እስከ ዛሬ የሚወራው፦ እኛ የምንበላውን ይብሉ፣ የምንጠጣውን ይጠጡ አሏቸው። ጄኔራሉ በልተው ጠጡ፣ ታመሙም። ጃንሆይ እናስተካክላለን ብለው ቃል ገቡ፤ የተቀጣ ወታደር አልነበረም። ወሬው በጦሩ ሬዲዮ ከሰፈር ሰፈር ሲዛመት ሌላውም ጦር እንዲህ ማድረግ እንደሚቻል ገባው።

ከአምስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ሌላ ፈሳሽ ተነሣ፤ ቤንዚን። በዚያ ዓመት መስከረም ማብቂያ ላይ የተነሣው የዓረብና የእስራኤል ጦርነት የነዳጅን የዓለም ዋጋ አናግቶታል። ሦስት ዶላር ገደማ የነበረው በርሜል ታኅሣሥ ሳያልቅ ወደ 12 ዶላር ተጠጋ። መንግሥት የካቲት ላይ የቤንዚን ዋጋን በ50 በመቶ ሲጨምር የታክሲ ነጂዎች ታሪፍ መጨመር ተከልክለው ነበር። የካቲት 11 ታክሲ ቆመ። መምህራኑም በዚያው ቀን ስለ ትምህርት ፖሊሲው አድማ መቱ፤ ተማሪው ወጣ፤ አውቶቡስ ተወገረ። የካቲት 16 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው ቀርበው የቤንዚኑን ዋጋ ቀነስን፣ የትምህርት ፖሊሲውንም አዘገየን አሉ። በአራተኛው ቀን የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ቀሪውን ታውቁታላችሁ፤ መስከረም 2 ቀን 1967።

እነዚህ ሁለት ታሪኮች፣ የነገሌ ፓምፕና የአዲስ አበባ ቤንዚን፣ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው የሚነገሩት። በዚያው ሰሞን የሆነ ሦስተኛ ነገር ግን አለ፤ እሱን ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ሰው ብዙ አላጋጠመኝም። በ1960ዎቹ አጋማሽ፣ ማለትም ነገሌ ውሃ አጥታ አዲስ አበባ በቤንዚን ስትናጥ፣ ቴኔኮ የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ ከነገሌ በስተ ምሥራቅ ርቆ፣ ኦጋዴን ውስጥ ካሉብ የሚባል ቦታ እየቆፈረ የተፈጥሮ ጋዝ አግኝቶ ነበር። ዙፋኑ በነዳጅ ዋጋ እየተንገዳገደ ሀብቱ ከመሬት በታች ተገኝቷል። ያ ጋዝ ለገበያ ለመውጣት ከ50 ዓመት በላይ ፈጅቶበታል።

ስለ ነዳጅ መቆፈር ባወራን ቁጥር «ሀብቱ እያለን ለምን እንሰለፋለን?» የሚለው ጥያቄ አይቀርም። ጥያቄው ትክክል ነው፤ እኔም ማደያ ወረፋ ላይ ቆሜ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ታሪኩን ወደ ኋላ ስከታተለው ግን አንድ ነገር እየደጋገመ ፊት ለፊቴ ይመጣል። ከመሬት በታች ያለው ነዳጃችን ባለፉት 90 ዓመታት በአብዛኛው የሠራው እንደ ወረቀት ነው፤ ውል፣ ካርታ፣ ተስፋ፣ የዲፕሎማሲ ካርታ መጫወቻ። እንደ ነገሌ ያለች ከተማን ዕጣ የወሰነው ግን ሁልጊዜ በጎማ ላይ የመጣው ነዳጅ ነው።

ከእነዚያ ወረቀቶች አንዱ የተፈረመው ነሐሴ 1927 ነው። ጣልያን ድንበር ላይ ጦር እያከማቸ ነበር። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ፍራንሲስ ሪኬት ለሚባል እንግሊዛዊ ደላላ የአገሪቱን ግማሽ ያህል የሚሸፍን የነዳጅ ፍለጋ መብት ለ75 ዓመት ሰጡ። ከጀርባው የነበረው ስታንዳርድ ቫኩም የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። የንጉሡ ስሌት ገብቶናል፦ አሜሪካኖች ገንዘባቸውን ያፈሰሱበትን መሬት ሙሶሊኒ አይነካም። ወሬው ጋዜጣ ላይ ሲወጣ ግን የአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ደነገጠ፤ በጦርነት ውስጥ መዘፈቅ አልፈለገም። ኩባንያውን ጫን ብሎ በቀናት ውስጥ መብቱን አስተወው። መስከረም 22 ቀን 1928 ጣልያን መረብን ተሻገረ። አንድ ጉድጓድ ሳይቆፈር ውሉ አለቀ።

አሁን የዚያው ጦርነት ሌላኛውን ነዳጅ ተመልከቱ። ደቡብ ግንባር ላይ ራስ ደስታ ዳምጠው ከሲዳሞ ተነሥተው ወደ ዶሎ ይወርዱ ነበር፤ ሠራዊታቸው በእግሩና በበቅሎ ነው የሚጓዘው። ከዶሎ በኩል የመጣው ግራዚያኒ ግን ሠራዊቱን በካሚዮን ጭኖ፣ በአውሮፕላንና በመርዝ ጋዝ ታግዞ ነበር። ጥር መግቢያ ላይ ገናሌ ዶሪያ አጠገብ ውጊያው ተጀመረ። ሰው ከቦምቡ ቢያመልጥ ከውሃ ጥሙ አላመለጠም፤ ወንዙን የያዘው ጠላት ነው። በጥምቀት ሰሞን የግራዚያኒ ካሚዮኖች ነገሌ ገቡ። ከዶሎ እስከ ነገሌ ያለውን ያን ሁሉ ደረቅ ሜዳ ጥቂት ቀን ብቻ ነው የፈጀባቸው።

እነዚያ ካሚዮኖች ቤንዚን ነው የሚጠጡት፤ ጣልያን ደግሞ ያኔ ይህ ነው የሚባል የራሷ ነዳጅ አልነበራትም። የመንግሥታት ማኅበር ማዕቀብ ሲጥል ስንት ነገር ከለከለና ነዳጁን ተወው። ክረምቱን ሙሉ ጄኔቫ ላይ «የነዳጅ ማዕቀብ ይጨመር አይጨመር» ሲባል ከረመ። ከጊዜ በኋላ ሙሶሊኒ ለሂትለር፣ ማዕቀቡ ነዳጅን ቢጨምር ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለመውጣት እገደድ ነበር ብሎ እንደነገረው የሂትለር አስተርጓሚ ጽፎታል። ይህንን ሳነብ ትንሽ ቆም አልኩ። ነገሌ የወደቀችው አንድ ሰው ቧንቧ ስላልዘጋ ነው ማለት ይቻላል። ከመሬታችን በታች ያለው ነዳጅ አላዳነንም፤ በሌሎች ቦቴ የተጫነው ነው የወጋን።

ከጦርነቱ በኋላ ያለው የፍለጋ ታሪክ ረጅም ነው፤ በአጭሩ ልለፈው። በ1937/38 ሲንክሌር የሚባል የአሜሪካ ኩባንያ መላ አገሪቱን የሚያካትት መብት አገኘ። ኦጋዴን ያኔ በእንግሊዝ ወታደራዊ አስተዳደር ሥር ነው፤ ስለዚህ ይህም ፊርማ ግማሹ ነዳጅ፣ ግማሹ «መሬቱ የእኛ ነው» የሚል ማኅተም ነበር። ሲንክሌር አሥር ዓመት ያህል ፈልጎ ለገበያ የሚበቃ ነገር ሳያገኝ ሄደ። ጀርመኖች መጡ። ከዚያ ቴኔኮ ካሉብን አገኘ፤ ደርግ ሲመጣ ወጣ። ከሶማሊያ ጦርነት በኋላ ሶቪየቶች መጥተው ካሉብ ላይ ተጨማሪ ጉድጓዶች ቆፈሩ፣ ሂላላም የሚባለው መስክ በካርታው ላይ አለ፤ ደርግ ሲወድቅ እነሱም ሄዱ። ከዚያ የማሌዥያው ፔትሮናስ፣ ፔትሮትራንስ፣ ፖሊ-ጂሲኤል። ኩባንያ በመጣ ቁጥር ዜና፣ በሄደ ቁጥር ዝምታ።

በዚህ ዝርዝር መሀል ግን በፍጥነት የማይታለፍ አንድ ቀን አለ። ሚያዝያ 16 ቀን 1999 አቦሌ በሚባል ቦታ የኦጋዴን ብሔራዊ ነፃ አውጪ ግንባር ታጣቂዎች አንድ የቻይና የፍለጋ ኩባንያ ካምፕ ላይ ባደረሱት ጥቃት ከ70 በላይ ሰው ተገደለ። ዘጠኙ ቻይናውያን ነበሩ፤ የቀሩት ኢትዮጵያውያን። የቀን ሠራተኞችም ነበሩበት። ከዚያ በኋላ የመጣው የመንግሥት ዘመቻ ደግሞ ለክልሉ አርብቶ አደር ሌላ መከራ ነበር። «እንቆፍር» የሚለውን ቃል አዲስ አበባ ካፌ ተቀምጦ የሚለው ሰውና እዚያ ያለው ሰው አንድ ነገር አይሰሙም።

ሰኔ 21 ቀን 2010 ጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ኢትዮጵያ ድፍድፍ ነዳጅ በሙከራ ደረጃ ማውጣት ጀመረች ብለው በቴሌቪዥን ተናገሩ። ያኔ ተማሪ ነበርኩ፤ የዶርም ልጅ ሁሉ ዱባይ ልንሆን ነው እያለ ሲቀልድ አስታውሳለሁ። የተባለው መጠን በቀን 450 በርሜል ነው። በርሜል 159 ሊትር ነው፤ አባዙት። 71,550 ሊትር። ተሳቢ ያለው አንድ ቦቴ 45,000 ሊትር ገደማ ይጭናል። የዶርሙ ደስታ ሁሉ ሁለት ቦቴ እንኳ አይሞላም ነበር፤ ያውም ያልተጣራ ድፍድፍ። ለሙከራ ምንም አይደለም፤ ሙከራ እንደዚህ ነው። የሚያስቀው እኛ ቁጥሩን ሰምተን አንዳችንም አለማባዛታችን ነው።

«ማጣሪያ ስለሌለን ነው» የሚልም አለ። ነበረን። በሶቪየቶች እርዳታ የተሠራው የአሰብ ማጣሪያ ከ1959 ጀምሮ 30 ዓመት ያህል ሠርቷል። የሚያጣራው ግን ከውጭ የመጣ ድፍድፍ ነው። በ1989 ሲዘጋ ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ አርጅቷል፣ እዚያ ከማጣራት የተጣራውን መግዛት ይረክሳል። በዓመቱ የኤርትራ ጦርነት ተነሣና ወደቡም ራሱ ተዘጋ። የአገሪቱ ነዳጅ በሙሉ ማለት ይቻላል ወደ ጅቡቲ መንገድ ዞረ። ሩቅ ሳንሄድ ናይጄሪያንም ማየት ይቻላል፦ የአፍሪካ ትልቋ ድፍድፍ አምራች ሆና ለብዙ አሥርት ዓመታት ቤንዚን ከውጭ ስታስገባ ኖረች። በ2015 ድጎማ ሲነሣ ዋጋው በአንድ ጊዜ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆነ። ጉድጓድ ነበራቸው። ወረፋም ነበራቸው።

ታዲያ ነገሌ ላይ አንድ ሊትር ስንት እንደሚሸጥ የሚወስነው ምንድን ነው?

ሁለት ቁጥር ላስቀምጥ። መንግሥት ድጎማውን ደረጃ በደረጃ ማንሣት በጀመረበት በሐምሌ 2014 የአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበር። በታኅሣሥ 2017 ማብቂያ 101 ብር ከ47 ሳንቲም ሆነ። በእነዚህ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ የዓለም የድፍድፍ ዋጋ ምን ሆነ? ወረደ። ከ100 ዶላር በላይ የነበረው በርሜል ወደ 80 ዶላር ተጠግቷል። የዓለም ዋጋ ሲወርድ የእኛ ከእጥፍ በላይ ወጣ። አንደኛው ምክንያት ድጎማው ነው፤ ለዓመታት በተከማቸ ዕዳ የተሸፈነውን ልዩነት መንግሥት መሸፈን አቆመ። ሁለተኛው ብሩ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። ከእነዚህ ሁለቱ አንዱም ከመሬት በታች አይደለም። አንዱ ያለው በጀቱ ውስጥ፣ ሌላው ባንክ ውስጥ ነው።

ለቁፋሮው ወገን የምሰጠው ትልቁ ነጥብ እዚሁ ጋ ነው፦ የራስ ነዳጅ ዶላር ያድናል። እውነት ነው፤ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ዶላር መዳኑና ማደያ ላይ ያለው ዋጋ መውረዱ አንድ ነገር አይደሉም። መንግሥት የአገር ውስጡን ነዳጅ በዓለም ዋጋ ልሽጠው ካለ ለባጃጅ ሾፌሩ የሚለወጥለት የለም።

ሦስተኛው ነገር መንገዱ ነው። የማደያ ዋጋ በየከተማው ይለያያል፤ የማጓጓዣው ይጨመርበታል። ከጅቡቲ አዲስ አበባ 900 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከአዲስ አበባ ነገሌ ሌላ 600። ደርሶ መልስ 3,000። እንደ መሐንዲስ በግምት ሳሰላው የተጫነ ቦቴ በኪሎ ሜትር ግማሽ ሊትር ናፍጣ ቢበላ 1,500 ሊትር ይሆናል፤ ከጫነው ሦስት በመቶ። ይህ ያን ያህል አይደለም። የሚያስወድደው ሌላው ነው፤ በዶላር የሚገዛ ጎማና መለዋወጫ፣ የጸጥታ ችግር፣ በየኬላው የሚባክን ቀን፣ መንገድ ላይ የሚሰወር ቦቴ። መጨረሻ ላይ ማደያው «የለም» ይላል፣ ከማደያው ማዶ ደግሞ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ ተደርድሮ ይሸጣል። የደቡብ ቆላ ከተሞችን የሚያውቅ ሰው ያን ጠርሙስ ያውቀዋል። ከሚያዝያ 2015 ጀምሮ የነዳጅ ክፍያ በስልክ ሆኗል፤ በሙያዬ ምክንያት ይህን ሐሳብ ልወደው ይገባ ነበር፣ በመርህ ደረጃም እወደዋለሁ። ግን ዲጂታል ክፍያ የሚቆጣጠረው ማደያ የደረሰውን ሊትር ነው። ጠርሙሱ ኔትወርክ አይፈልግም።

እስካሁን የባጃጅና የታክሲ ጉዳይ አስመሰልኩት። ቆላው ላይ ግን ነዳጅ ከመጓጓዣ በፊት ሌላ ነገር ነው፤ ውሃ ነው።

ቦረናና ጉጂ፣ ሊበንና አፍዴር ውስጥ ብዙው ጥልቅ የውሃ ጉድጓድ የሚሠራው በናፍጣ ጄኔሬተር ነው። መብራት የማይደርስበት ቦታ ላይ ውሃውን ከመቶና ከዚያ በላይ ሜትር ጥልቀት የሚስበው ናፍጣ ነው። ከ2013 እስከ 2015 ባለው ጊዜ ገናም ሃጋያም፣ የበልጉም የመኸሩም ዝናብ፣ በተከታታይ አምስት ወቅት ሲቀር የቦረና ከብት እንደ ቅጠል ረገፈ። የዚያን ጊዜ የሰው ነፍስ የቆየው ውሃ በሚያመላልሱ ቦቴዎች ጭምር ነው፤ እነሱም ናፍጣ ይጠጣሉ። ናፍጣ ሲወደድ አንድ ቦቴ ውሃ ይወደዳል፤ ናፍጣ ሲጠፋ ጉድጓዱ ከነውሃው ይቆማል። የአዲስ አበባ ሰው ቤንዚን ሲወደድ ታክሲ ትቶ በእግሩ ይሄዳል። ግመሉንና ላሙን ይዞ ጉድጓድ አፍ ላይ የቆመ ሰው ምን ትቶ ምን ያደርጋል?

ከጥቂት ዓመት በፊት በቆላው ያሉ የውሃ ጉድጓዶችን ሁኔታ የሚመዘግብ ትንሽ ሲስተም ላይ ሠርቼ ነበር። ሥራው የሚያኮራ አልነበረም፤ ፎርም፣ ካርታ፣ ሪፖርት፣ በቃ። «የቆመበት ምክንያት» የሚል ሳጥን ነበረው፣ ምርጫዎቹን እኛ ነን አዲስ አበባ ተቀምጠን የጻፍናቸው፦ ፓምፕ ተበላሽቷል፣ ጄኔሬተር ተበላሽቷል፣ ውሃው ቀንሷል፣ ሌላ። ከመስክ ሪፖርት መምጣት ሲጀምር «ሌላ» የሚለው በዛ። ከፍተን ስናነብ የተጻፈው ሁለት ቃል ነው፦ ነዳጅ የለም። አምስተኛ ምርጫ ጨመርን።

ይህን ያነሣሁት ስለ ቁፋሮ ስንከራከር ብዙውን ጊዜ የሚጎድለው ይህ ወገን ስለሆነ ነው። ክርክሩ የሚካሄደው በሁለት የከተማ ሰዎች መካከል ነው። አንዱ «ሀብታችንን እናውጣ» ይላል፤ ሌላው «ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው፣ ነዳጅ ምን ያደርጋል» ይላል። መንግሥት ራሱ ሁለቱንም ሆኗል፤ በ2016 የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሎ፣ በ2018 የነዳጅ ማጣሪያ መሠረት ያስቀምጣል። እኔ እንደሚመስለኝ በቤት መኪና በኩል ሁለተኛው ሰው ያሸንፋል፤ የዓባይ መብራት ከቤንዚን ይረክሳልና። ግን ፊልቱ አካባቢ ያለ ጄኔሬተር ነገ ጠዋት ሶኬት አያገኝም። ሶላር ፓምፕ መልስ ነው፣ እየተተከለም ነው፤ እስኪዳረስ ድረስ ግን ናፍጣው ያስፈልጋል፣ በተመጣጣኝ ዋጋ ያስፈልጋል።

ሌላው ጎረቤታችን ላይ የሆነው ነው። በ2004 ኬንያ ቱርካና ውስጥ ድፍድፍ ሲገኝ ፍለጋው ወደ እኛም ተሻገረ። ቱሎው የተባለው ኩባንያ በ2005 እና 2006 ደቡብ ኦሞ ላይ ጉድጓዶች ቆፍሮ ለገበያ የሚሆን ሳያገኝ ወጣ። ቱርካና ላይ ግን ድፍድፉ ወጥቶ በ2010 በቦቴ ወደ ሞምባሳ መጫን ተጀመረ፤ ብዙ ሳይቆይ ነዋሪው መንገድ ዘግቶ ቦቴዎቹን አስቆመ። ጥያቄው ጸጥታ፣ ሥራና ድርሻ ነበር። እዚያው ቱርካና ውስጥ ደግሞ ከነዳጅ ፍለጋ በመጣ የሳተላይት ራዳር ዘዴ ከመሬት በታች ግዙፍ ውሃ ተገኘ ተብሎ በ2006 መግቢያ ላይ ዓለም ሁሉ አጨበጨበ። ቆፍረው ሲቀምሱት ጨው ሆነ።

ቦረና ስለ ጉድጓድ ከማናችንም በላይ ያውቃል። ቱላ የሚባሉት ጥልቅ ኤላዎች በሰው እጅ የተቆፈሩ ናቸው። ጎልማሶች እንደ መሰላል ከላይ እስከ ታች ተደርድረው፣ እየዘመሩ፣ ባልዲውን ከእጅ ወደ እጅ እየተቀባበሉ ውሃ ያወጣሉ። ቱሪስት ፎቶ የሚያነሣው ይህንን ነው። ፎቶ ላይ የማይታየው ሕጉ ነው። ኤላውን መጀመሪያ የቆፈረው ሰው ጎሣ ስሙን ይዞ ይቀጥላል፣ አባ ኮንፊ ይባላል። የዕለት ዕለቱን ተራ የሚያስከብር ደግሞ አባ ሄሬጋ የሚባል ሰው አለ። ዛሬ የማን መንጋ፣ ነገ የማን፣ መንገደኛ ፈረስ ይዞ ቢመጣ መቼ ይጠጣል፤ ሁሉም ይታወቃል። መቆፈር የሥራው መጀመሪያ እንጂ ሥራው አይደለም። 1966 ላይ ነገሌ ካምፕ ውስጥ የጠፋው ይህ ነበር። ውሃ ያለው ጉድጓድ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር፤ የጠፋው ተራው ነው።

መስከረም 22 ቀን 2018 የካሉብ ጋዝ ማምረቻ የመጀመሪያ ምዕራፍ ተመረቀ። ቀኑ ጣልያን መረብን ከተሻገረበት ጋር መገጣጠሙን ያየሁት ይህን ስጽፍ ነው፤ ልክ 90 ዓመቱ። ጎልደን ኮንኮርድ ከሚባለው የቻይና ኩባንያ ጋር የተሠራው ይህ ምዕራፍ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ የተፈጥሮ ጋዝ እንዲያመርት ታስቦ የተሠራ ነው፤ ሁለተኛው ምዕራፍ ከዚያ በአሥር እጥፍ ይበልጣል ተብሏል። በዚያው ሰሞን ጎዴ ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን የሚያጣራ የነዳጅ ማጣሪያ መሠረት ተጣለ። ከቴኔኮ ጀምሮ ስንቆጥር የወረቀቱ ዘመን ያለፈ ይመስላል፤ ይህን በደስታ ነው የምጽፈው። አንድ ነገር ግን ሳይምታታ፦ የካሉብ ጋዝ ቤንዚንም ናፍጣም አይደለም። ጋዙ ለእሱ የተሠራ ሞተር ይፈልጋል። የነገሌን ጄኔሬተርና የባጃጅ ታንክ የሚመለከተው የጎዴው ማጣሪያ ነው።

ማጣሪያው በተባለው ልክ ቆሞ ቢሠራ ናፍጣ ለነገሌ ከምሥራቅ መምጣት ይችላል፤ ጅቡቲና አዲስ አበባን ሳይዞር፣ ከጎዴ ተነሥቶ፣ በፊልቱ በኩል። ግራዚያኒ ከዶሎ የመጣበትን አቅጣጫ ይዞ ማለት ነው። ስለዚህ አሁኑኑ፣ ማጣሪያው ገና በግንባታ ላይ ሳለ፣ የንግድ ሚኒስቴር ሰዎችን የምጠይቃቸው አንድ የስሌት ጥያቄ አለኝ፦ በዚያን ጊዜ የነገሌ ማደያ ዋጋ ሲወጣ የማጓጓዣው ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው ከየት ተነሥቶ ነው፤ ከጎዴ ወይስ እንደ ድሮው ከጅቡቲ? የጉድጓድ ጄኔሬተር የሚሞላ ሰውስ በወረፋው ስንተኛ ነው?